አባባ ሳህሌ ከሐዲድ ማዶ የቀሩባት እሁድ

አያቴ አባባ ሳህሌ ሲቀበሩ ያልተባሉት ነገር የለም። «ትዕግሥተኛ» ተባሉ፣ «ረጋ ያሉ» ተባሉ፣ «ድምፃቸው የማይሰማ» ተባሉ። እንዴ! ሰው ሲሞት ገላው ብቻ ሳይሆን ስሙም ይታጠባል ልበል? እኔ ግን ስለምወዳቸው ሳይታጠቡ ነው የማወራላችሁ። ትዕግሥት በአያቴ ደጅ አላለፈም፤ ቢያልፍም ብረቱን አውርደው ያስቆሙት ነበር።

ሥራቸው እኮ ማስቆም ነው። አቃቂ ላይ መንገዱ ሐዲዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ዘብ ነበሩ። ባቡር ሲመጣ በወዲያና በወዲህ ያሉትን ሁለት አግዳሚ ብረቶች ያወርዳሉ፣ ቀይ ባንዲራቸውን ይዘው ደረታቸውን ነፍተው ይቆማሉ፣ ባቡሩ ሲያልፍ ያነሳሉ። በቃ፣ ይሄው ነው። ሲያወሩት ግን ባቡሩን ከጅቡቲ ድረስ በትከሻቸው የጎተቱት ይመስላል። አንድ ጊዜ ሬሳ ይዘው ወደ ሳሪስ አቦ የሚሄዱ ለቀስተኞችን አቆሙ። «ጋሽ ሳህሌ፣ ባቡሩ ገና ነው እኮ፣ ቀብር ነው፣ ያሳልፉን» ቢሏቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ማነው የቸኮለው? ሟቹ ነው?»

ለቀስተኛው ሳቁን መዋጥ አቅቶት አስለቃሿ ራሷ ጀርባዋን አዞረች አሉ።

ባቡሩ ቆሞ ሲረዝምበት በፉርጎዎቹ ሥር ልሹለክ ብሎ ጎንበስ ያለ ሰውማ አለቀለት። በባንዲራው ዘንግ ቂጡን ነው የሚሉት። «እኔ እያለሁ በፉርጎ ሥር የሚያልፈው ጎርፍ ብቻ ነው!» ይላሉ። ባለ ከረባት አይፈሩ፣ ባለ ካባ አይፈሩ። በዚያ ዘንግ ያልተመታ የአቃቂ ሰው ካለ እንግዳ ነው።

ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቤታቸው ከማቋረጫው ወዲህ፣ ባቡር ሲያልፍ ድስት የሚንቀጠቀጥበት ቅርበት ነው። ማታ በር ሳይዘጋ አባባ ደጃፍ ላይ ቆመው የልጆቻቸውን ስም በየተራ ይጠራሉ። «ታደሰ!» «አቤት!» «አስካለማርያም!» «አቤት!» «ዙፋን!» «አቤት!» ያገባ የለ፣ የወለደ የለ፣ አቤት ሳይል የሚተኛ የለም። እንቅልፍ የጣለው ካለ ጎረቤት ተነስቶ «አቤት» ይልለታል፣ አለዚያ ሰፈሩ አያርፍም። አባቴ ታደሰ እናቴን ባገባ ጊዜ ሳሪስ ቤት ተከራይቶ ነበር። ምን ያደርጋል፣ አባባ ማታ ማታ አውቶቡስ ተሳፍረው እየሄዱ ደጁ ላይ «ታደሰ!» ይላሉ። እናቴ ልትቆጣ ታስባለች፣ ግን ሁሌ ሸንኮራ ይዘውላት ነው የሚመጡት። ሸንኮራ ይዞ የመጣ ሰው እንዴት ይቆጡታል? ዕቃዋን ጠቀለለችና አቃቂ ገባች።

ነገሩ ያስቃል እንጂ ምክንያት አለው። እማማ ብዙወርቅ፣ አያቴ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የነገሩኝ፤ እሳቸው ድምፅ ዝቅ ካደረጉ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው። አባባ በልጅነታቸው ከመንዝ ሥራ ፍለጋ ሲወጡ እናታቸው አፋፍ ላይ ቆመው «ሳህሌ! ሳህሌ!» እያሉ ይጣሩ ነበር። አባባ «አቤት ካልኩ እመለሳለሁ» ብለው ዝም ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሰሙት መርዷቸውን ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ሴት ልጅ ሊድር ነው!

አክስቴ አስካለ ልቧን የሰጠችው ለሁንዴ ነው። ሁንዴ ፋብሪካ የሚሠራ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ፣ ሲስቅ ብቻ ቀና የሚል ልጅ ነው። አባቱ ሮሪሳ እናቱ ዳሲቱ ይባላሉ፣ ቤታቸው ከሐዲዱ ማዶ ነው፣ እርሻው የሚጀምርበት ጋ። የት ተዋወቁ ብትሉኝ እዚያው ብረቱ ሥር! ሁንዴ ከሥራ ሲመለስ ባቡር ያቆመዋል፣ አስካለ ደግሞ ለአባቷ ምሳ ይዛ ትመጣለች። ባቡሩ ረዘመ፣ ወሬውም ረዘመ። አባባ ሥራቸውን በትጋት በሠሩ ቁጥር ፍቅሩ ይጠና ነበር። ራሳቸው ናቸው ያዋደዷቸው፣ ማን ይንገራቸው!

ሽማግሌ ተላከ። ወጉን ታውቁታላችሁ፣ ሽማግሌ እሁድ በጠዋት ይመጣል፣ «ተቀመጡ» ቢሉት አይቀመጥም፣ «እሺ» እስኪባል ቆሞ ይለምናል። ሽማግሌ ከተቀመጠ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። የተላኩት ሦስት ናቸው። አንዱ አቶ መገርሳ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ለሰላምታ ብቻ ግማሽ ቀን የሚፈጅ። ሁለተኛው ቄስ ቀናው፣ የአባባ የነፍስ አባት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ሦስተኛው የጣቢያው ሠራተኛ ጋሽ በቀለ፣ የአባባ የልብ ወዳጅ። «ከሃዲ!» ነው ያሏቸው አባባ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲያዩዋቸው።

በመጀመሪያው እሁድ «ልጄ ገና ልጅ ናት» ብለው መለሷቸው። ልጅ የተባለችው አክስቴ በር ስትገባ ጎንበስ የምትል ቁመታም ናት። በሁለተኛው እሁድ ታመምኩ ብለው በጋቢ ተጠቅልለው ተኙ። አቶ መገርሳ ንግግራቸውን «እንግዲህ ሰማይ ያለ ምሰሶ...» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ እማማ ብዙወርቅ ከጓዳ ጣልቃ ገቡ።

«ምን በሽታ ነው እቴ! አሁን አንድ ሰሃን ፍርፍር ጠርጎ ነው የተኛው!»

አባባ ይሄኔ ከአልጋ ዘለው ተነሱ። «የሳሪሱን አቦ! ከሐዲድ ማዶ ልጅ አልሰጥም!» ብለው ማሉ። ሽማግሌዎቹ ጃንጥላቸውን ሰብስበው ወጡ፣ አቶ መገርሳም ሰማዩን ያለ ምሰሶ ትተውት ሄዱ።

የቀረው አንድ እሁድ ነው። ሽማግሌ ሦስቴ ከተመለሰ አራተኛ መሄድ ነውር ነዋ። ሮሪሳ ደግሞ «ልጄን ዘንድሮ እድራለሁ፣ እነ ሳህሌ እንቢ ካሉ ዱከም ያየናት ልጅ አለች» አለ ተባለ። ወሬ በብረት አይቆም፣ ሐዲዱን ተሻግሮ አስካለ ጆሮ ገባ። ቅዳሜ ማታ «አስካለማርያም!» ሲባል «አቤት» ያለችው ከጉድጓድ ውስጥ ይመስል ነበር። አባባ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፣ በሩን ዘጉ።

እሁድ ነጋ። ወሩ ሐምሌ ነው፣ የሐዋርያት ጾም ተፈቷል፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሯል። የአቃቂን ጥቁር ጭቃ ለማያውቅ ምን ብዬ ላስረዳ? እግር ሲገባ ዝም ይላል፣ እግር ሊወጣ ሲል ነው ጠቡ።

አባባ ሥራ ላይ ናቸው። ቀና ቢሉ በማዶ በኩል ሦስት ጃንጥላ ተሰልፎ ይመጣል። ወዲያው ከከተማ በኩል የዕቃ ባቡሩ ጮኸ። «ተመስገን!» አሉ። መላው በቅጽበት መጣላቸው። የማዶውን ብረት ቶሎ አውርጄ ሽማግሌዎቹን ከባቡሩ ወዲያ አስቀራለሁ፣ ሮጬ ተመልሼ የወዲህኛውን አወርዳለሁ፣ ከዚያ ባቡሩ አልፎ እስኪያልቅ አንድ ሰበብ አይጠፋም፣ ቢጠፋ ሆዴን አመመኝ እላለሁ ብለው ሐዲዱን ተሻገሩ። የማዶውን ብረት ሽማግሌዎቹ አፍንጫ ሥር ቿ አደረጉት።

«እንደምን አደሩ አቶ ሳህሌ!» አሉ አቶ መገርሳ ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው።

«ባቡር አለ!» ብለው አባባ ሊሮጡ ዞር ሲሉ ቀኝ እግራቸው የለም። ከነቦቱ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ይጎትታሉ፣ ጭቃው ይጎትታል። ባቡሩ ደግሞ እየቀረበ ነው።

ጋሽ በቀለ በብረቱ ላይ ተንጠልጥለው ካፖርታቸውን ጨመደዱ። «አንተ እብድ! ባቡሩ ደረሰብህ እኮ!»

«ቦቴ! ቦቴን!»

«ቦቱ ይቅበርህና! አባ፣ ክንዱን ይያዙልኝ!»

ሽማግሌ ሆነው ሊለምኑ የመጡ ሰዎች ልጅ ሊከለክላቸው የነበረውን አባት እንደ ድንች ነቅለው ከብረቱ ወዲያ አወጡት። እግሩ ወጣ፣ ቦቱ ቀረ። አባባ ግን አሁንም ይጮሃሉ። «የወዲያኛው ብረት! የወዲያኛው ክፍት ነው!» እውነታቸውን ነው። በቤታቸው በኩል ብረቱ እንደተሰቀለ ነው፣ ሣር የጫነች አህያ ከነባለቤቷ ወደ ሐዲዱ ልትገባ ነው። አባባ ፊታቸው አመድ ሆነ።

ከዚያ ብረቱ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። ግማሽ ጸጉሯን የተሠራች፣ ግማሹ የተበተነ፣ አንዲት ረጅም ልጅ ብረቱ ላይ ተንጠልጥላ ታወርደዋለች። አስካለ ናት። ምሳ ስታመላልስ ዕድሜዋን ሙሉ ስታየው የኖረችው ነገር ነው፣ ማንም አላስተማራትም። አህያዋ ቆመች፣ ባቡሩ መሃል ገባ፣ አባትና ልጅ ተለያዩ።

ፉርጎው አለፈ፣ አለፈ፣ ቀዝቀዝ አለ፣ ቆመ። ጭራው መንገዱን እንደዘጋ ቆመ።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ አባባ።

«ጣቢያው ውስጥ ሊቶሪናዋን እየጠበቀ ነው» አሉ ጋሽ በቀለ። «የሰው ባቡሯ ከሞጆ ካልገባች ይሄ ወዴት ይሄዳል? እሷን ደግሞ ጎርፍ ይዟታል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

አባባ የፉርጎውን ሥር አዩት። ቤታቸው ወዲያ ማዶ ነው፣ ጎንበስ ብሎ መሹለክ ብቻ ነው። ግን ብረቱ ጋ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ፣ ዘንግ የቀመሰው ሁሉ፣ ትንፋሹን ውጦ እሳቸውን ያያል። አንድ በግ ነጂ ሊችል አልቻለም።

«ጋሽ ሳህሌ፣ ጎንበስ ነው እንዴ?»

«ጎንበስ ይበልህ!» አሉና ቀጥ ብለው ቆሙ፣ በአንድ ቦትና በአንድ ካልሲ።

ዝናቡ ባሰ። አጠገባቸው ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው፣ የሮሪሳ ቤት። ቄስ ቀናው «ልጄ፣ ጠበል ከሰማይ ነው የሚወርደው፣ ግን በልክ ሲሆን ነው» አሉና ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው።

ዳሲቱ ደነገጠች አትበሉኝ፣ እሷን የሚያስደነግጣት የለም። ሞቅ ያለ ውሃ አመጣች፣ እንቢ እያሉ የጨቀየ እግራቸውን አጠበችላቸው፣ የሁንዴን ካልሲ ሰጠቻቸው። ከዚያ በቅቤ የራሰ ጭኮ በገበቴ አቀረበች። የገብሱ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሁንዴ ምሰሶ ተደግፎ ጣሪያውን ያያል፣ ሮሪሳ «ይቀመጡ፣ ይቅመሱ» ይላል።

«አልራበኝም» አሉ አባባ። እዚህ ቤት በልቶ ልጅ መከልከል እንደማይቻል ያውቃሉ፣ የበላ አፍ እንቢ አይልም። ይሄኔ ሆዳቸው ጮኸ። ጋሽ በቀለ «ሊቶሪናዋ ገባች መሰለኝ» አሉ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል። መልስ አላገኙማ፣ እንዴት ይቀመጣሉ! አባባም «እናንተ ቆማችሁ እኔ አልቀመጥም» ብለው ቆሙ። እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥም፣ ሮሪሳም ቆመ፣ ዳሲቱም ቆመች። በርጩማው ሁሉ ባዶ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ቆሟል፣ መሃል ላይ ጭኮው ብቻ ተቀምጧል።

«እንግዲህ ሰማይ ያለ ምሰሶ...» ብለው አቶ መገርሳ ጀመሩ።

«አቶ መገርሳ፣ ምያለሁ» አሉ አባባ። ድምፃቸው ግን እንደ በፊቱ አልነበረም። «ቤታችሁን ጠልቼ አይደለም፣ ልጁንም ንቄ አይደለም። ልጄ እዚህ ከመጣች... ማታ ስጠራ...»

ዳሲቱ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እሱን ነው እንዴ የፈሩት? አይሰማም ብለው?»

«ሐዲድ አለ፣ ባቡር አለ መሃል።»

«አያ ሳህሌ፣ እኔ እኮ ማታ ማታ ከእርስዎ ጋር ነው ልጆችዎን የምቆጥረው! ዙፋን ሐሙስ ዕለት ሦስቴ ተጠርታ ነው አቤት ያለችው። ታደሰ አርብ ዕለት ጠጥቶ ነው የገባው፣ አቤቱ ተንገዳገደ። ረቡዕ ደግሞ...» ዳሲቱ ደረቷን ነፋች፣ አገጯን ወደ ላይ አነሳች፣ አባባን ሆነች። «‹ብዙወርቅ! ይሄ ሽሮ ነው ወይስ የአሰብ ጨው?› አሉ።» ደግሞ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ እማማን ሆነች። «‹አንቱ ሰውዬ፣ ጨውማ ያለው ምላስዎ ላይ ነው!› አሉዎት። ከዚያ እራት ጥለው ተኙ፣ ቆይተው ደግሞ ‹ብዙዬ፣ ትንሽ ተርፏል?› አሉ።»

ቄስ ቀናው ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑት። ሁንዴ ምሰሶውን አቀፈ።

አባባ ጆሯቸው ቀላ። «እሱም ይሰማል?»

«እሱማ ዱከም ይሰማል።»

ለካ ከዚህ ማዶ ሆነው ቤታቸውን ሰምተው አያውቁም፣ ሁሌም የሚጮሁት እሳቸው ናቸው፣ የሚጮህ ሰው ምን ይሰማል! ወደ በሩ ሄዱ። ዝናቡ ፉርጎዎቹ ላይ ይንጠባጠባል። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ።

«አስካለማርያም!»

መልስ የለም። ጋሽ በቀለ ሁሌ ይህቺን ሲያወሩ «ሳህሌ ያን ጊዜ መልኩ ጠፋ» ይላሉ። ደግመው አልተጣሩም፣ በሩን ይዘው ቆሙ።

«አቤት!» አለ ከፉርጎው ወዲያ።

«ብረቱን ይዘሻል?»

«ይዤዋለሁ አባዬ!»

«ደግ አደረግሽ!... አለቀስሽ እንዴ አንቺ?»

«ኧረ አላለቀስኩም!»

«ድምፅሽ ታፍኗል!»

«ጉንፋን ነው!»

ይሄኔ የእማማ ብዙወርቅ ድምፅ መጣ፣ እሱማ ፉርጎም አያግደው። «የምን ጉንፋን! አንቱ ሰውዬ፣ ልጂቱ ከትናንት ጀምራ እህል በአፏ አልዞረም! ሰው ጉድ እያሰኙ እዚያ ምን ይሠራሉ? ምሳው ቀዘቀዘ!»

አባባ ከበሩ ተመለሱ። እያንዳንዷን ቃል ሰምተዋታል፣ በልጃቸው ድምፅ ውስጥ ያለውን እንባም ጭምር። ቄስ ቀናው ፊት ቆሙ። «አባ፣ በአቦ ስም ምያለሁ እኮ። ምን ይሻለኛል?»

ቄስ ቀናው አንዱን እግር አንስተው አንዱን ይተካሉ። «ልጄ ሳህሌ፣ መሐላውን ለእኔ ተወው። ንስሐ አዝሃለሁ፣ ግን ጉልበቴ አልቋል፣ ቆሜ ማዘዝ አልችልም።»

አባባ ሁንዴን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተ፣ ስትጠራ አቤት ትላለህ?»

«እላለሁ ጋሼ» አለ ሁንዴ። በዚያ ቀን የተናገረው ይቺን ብቻ ነው።

አባባ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ተቀመጡ» አሉ።

ቄስ ቀናው ቃሉ ሳያልቅ ተቀምጠዋል። ጋሽ በቀለም ዱብ አሉ። አቶ መገርሳ ግን «እንዴ፣ ንግግሬን ገና...» ሲሉ ጋሽ በቀለ በጋቢያቸው ጫፍ ጎትተው አስቀመጧቸው። «ሰማዩ ይቆይልን ጌታዬ፣ ይቀመጡ!» ዳሲቱ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አባባ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፣ ቆይ። አሁን ከጮኽሽ እዚያ ማዶ ብዙወርቅ ትሰማና ‹ሳያማክሩኝ!› ብላ ትጣላኛለች። መጀመሪያ ልብላ።» ገበቴውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

እንዴት በሉ መሰላችሁ! ሊቶሪናዋ ገባች፣ የዕቃ ባቡሩ ጮኾ ተነሳ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ አባባ ገና ሁለተኛውን ጭብጥ እየጎረሱ ናቸው። በቤታቸው በኩል አስካለ ብረቱን አነሳች። በማዶ በኩል ማን ያንሳ? በጉም ሰውም እዚያው ቆሞ «ዘብ! ኧረ ዘብ!» ይላል። አባባ አይሰሙም፣ ቅቤ ጆሯቸውን ደፍኖታል።

አስካለ ብረቱ ጋ ቆማ ጠበቀች። አባቷ አልመጡም። የሰዉ ጩኸት ባሰ፣ እሷም ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ሐዲዱን ተሻገረችና የማዶውን ብረት ልታነሳ ሄደች። የሮሪሳ ቤት በሩ ክፍት ነው፣ ከብረቱ ሥር ሆኖ ውስጡ ይታያል። እጇ ብረቱ ላይ ሳለ ቀና አለች።

መጀመሪያ ያየችው አባቷን ነው፣ ጉንጫቸው በቅቤ አብርቶ፣ በሰው ካልሲ። ከዚያ ከአባቷ ጎን ቄስ ቀናውን አየች፣ እግራቸውን ዘርግተው። ከዚያ ጋሽ በቀለን። ከዚያ አቶ መገርሳን፣ ተኮሳትረው፣ ግን በርጩማ ላይ።

ተቀምጠዋል። ሦስቱም።

በግ ነጂው «አንቺ ልጅ፣ ታነሺዋለሽ ወይስ እንደር?» አላት። አስካለ ግን ብረቱን አቅፋ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ ትሳቅ ታልቅስ ለማንም ሳይገባው ቆማ ቀረች።

ከውስጥ አባባ ሙሉ አፋቸውን ጮኹ። «አንቺ አስካለማርያም! ሰው እኮ ቆመብሽ! ብረቱ የሚነሳው ወደ ላይ ነው!»

«አቤት አባዬ!» አለችና አነሳችው።